የመጀመሪያው ለቀስተኛ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ብሎክ አርባ አንድ ደረጃ ሥር ሰባት ሰዎች ቆመዋል። አንዱ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ እንዳለ አልነሳ ብሏል። ሁለቱ ስለ ውሃ መጥፋት ያወራሉ፤ ውሃው ግን አልጠፋም። አንዲት ሴትዮ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ማንም ሳይደውልላት፣ "እሺ፣ እሺ" ትላለች። ከላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሜላት የምትባል ልጅ እናቷ ሞታባት ብቻዋን ትጮኻለች። ጩኸቱ በመስኮቱ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሰባቱም ይሰሙታል። ሰባቱም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ደረጃውን የረገጠ ግን የለም።

ከሰባቱ አንዷ ቤዛዊት ጓንጉል ነበረች። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታልና ግድግዳ ተደግፋለች። ከሟቿ ከወይዘሮ ሶልያና ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ጎረቤት ነበሩ፣ ክፉ ደጉን አብረው አይተዋል። ሜላት ስትወለድ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆማ የጠበቀችው እሷ ናት። አሁን የዚያችኑ ልጅ ጩኸት እየሰማች ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

ምን ነክቷቸው ነው አትሉም? ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰባ አራት ነው። ከሦስት ዓመት ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ለቅሶ ቤት ቀድሞ መግባት አይቻልም። መቻሉስ ይቻላል። የደረጃው ካሜራ ያያል፣ ለሚዛኑ፣ ወንጀለኛ ለሚጠረጥረው ማሽን ይነግራል፣ ሚዛኑ ይመዝናል፤ ከሰዓት በኋላ ግራጫ ጃኬት የለበሱ ሁለት ሰዎች ይመጡና በትሕትና "አንድ ጊዜ ይፈለጋሉ" ይላሉ። ከዚያ ዘጠና ቀን ነው። እስር አይባልም፤ ማቆየት ነው የሚባለው። ዘመድ አይቆጠርም፤ ከዘመድ ቀጥሎ መጀመሪያ የገባ ባዳ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ዘመድ የሞላው ሰው ችግር የለበትም። እንደ ሜላት እናትና ልጅ ብቻቸውን የሚኖሩ ግን፣ ነገሩን የማያውቅ መንገደኛ በስህተት ገብቶ እስኪገላግላቸው ድረስ፣ ብቻቸውን ያለቅሳሉ። ታዲያ አብረው ለምን አይገቡም እንዳትሉኝ፤ ተሞክሯል። አምና ብሎክ ሠላሳ ላይ አራት ጎረቤታሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ፤ አራቱም ዘጠና ዘጠና ቀን ተቀመጡ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን የዕድሩ ድንኳን ተካይ ሮቤል መንገሻ መጣ። ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ ስኳር አለበት፤ ግራ እግሩ ላይ አልድን ያለ ቁስል ስላለው ያነክሳል። ጋሪው ላይ ድንኳኑን፣ ካስማውን፣ ገመዱንና መዶሻውን ጭኗል። ሰባቱን አንድ በአንድ አያቸው። እሷ ጋ ሲደርስ ቤዛዊት ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

ልጅቷ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደምትጮኽ ጠየቀ። ያ ጫማ የሚያስረው ሰውዬ ብቻ ቀና ሳይል፣ ትንሽ እንጠብቅ፣ የሚያልፍ ሰው አይጠፋም አለ።

"እግዜር ይይላችሁ" አለ ሮቤል፤ ጋሪውን እዚያው ትቶ እያነከሰ ወጣ።

ከላይ ጩኸቱ ለአፍታ ቆመና እንደገና ጀመረ። አሁን ግን ሁለት ድምፅ ሆኗል። ከዚያማ ሰባቱም ተጋፍተው ወጡ፤ ቤዛዊትም በዚያ ጉልበቷ ከማንም አላነሰችም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ሲታደል፣ ግራጫ ጃኬቶቹ መጥተው ሮቤልን ወሰዱት። አንድም ሰው ከወንበሩ አልተነሳም። ቤዛዊትም አልተነሳችም።

ሌላው ሰው አፍሮ ዝም አለ፣ ፈርቶም ዝም አለ። ቤዛዊትን ግን ንዴት አንገበገባት፤ ምክንያቱም ይህን መዓት አገሩ ላይ ያመጣችው እሷ ናት። ሰው አልገደለችም፣ በሰውም ላይ አላሳበቀችም። መጽሐፍ ነው የጻፈችው።

በሃያ ሦስት ዓመቷ የመጀመሪያውን የወንጀል ልቦለዷን ስትጽፍ ገዳዩን ማን እንደምታደርገው ቸገራት። ባልየውን ብታደርገው አንባቢ ገና ከጠዋቱ ያውቃል። ዘበኛውን ብታደርገው ደግሞ አንባቢ ይሰድባታል። ከዚያ አንድ ነገር መጣላት። የእኛ ሰው ለቅሶ ቀድሞ የደረሰን ሰው አይጠረጥርም። ድንኳን የተከለውን፣ ሬሳ የገነዘውን፣ ሐዘንተኛ አቅፎ የያዘውን ሰው በክፉ ማሰብ ነውር ነው፤ አእምሯችን ወደዚያ አይሄድም። እሷም ገዳዩን እዚያ ደበቀችው። ወይዘሮ አስካለች የሚባሉትን አሮጊት አንቆ የገደላቸው፣ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ "ወይኔ እናቴ" ያለው ጎረቤት ሆኖ ተገኘ። መጽሐፉ ጉድ አሰኘ። ታክሲ ውስጥ፣ ባቡር ውስጥ፣ በየቢሮው ጠረጴዛ ሥር ተነበበ። አሳታሚው ድገሚን አላት። አንባቢው ድገሚን አላት። አርባ ዓመት ደገመች።

መቶ አሥራ ሁለት መጽሐፍ! በዓመት ሦስት ማለት ነው፤ አንዳንድ ዓመት አራት። ተቺዎች ፋብሪካዋ ይሏት ነበር፣ እሷም ስሙን ትወደው ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው መጽሐፏ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሞቷል፤ ማንም አላስተዋለም። ከመቶ አሥራ ሁለቱ ሃያ ስምንቱ አስፈሪ ታሪኮች ናቸው፤ ገዳዩ ጋኔን ነው፣ አለዚያም ከመቃብር የወጣ ሙት። የቀሩት ሰማንያ አራቱ ወንጀል ናቸው። በሰማንያ አራቱም ገዳዩ መጀመሪያ የመጣው ለቀስተኛ ነው። አንባቢ ያውቀዋል፤ እያወቀም ይገዛል፤ እንዴት እንደሚያዝ ለማየት ነው የሚያነበው። የለቅሶ ቤት በር ላይ ሰው ሲገናኝ "ቀስ ብለህ ግባ፣ ቤዛዊት እንዳትይዝህ" ይባባል ነበር። ያኔ ቀልድ ነበር።

ሚዛኑ ሲመጣ በአማርኛ የሚያነበው አጣ። የወንጀል መዝገቡ ግማሹ በእጅ የተጻፈ ነው፣ ግማሹን አይጥ በልቶታል፣ የቀረው የት እንዳለ የሚያውቅ ጡረታ ወጥቷል። ስለ ወንጀል በአማርኛ ተጽፎ፣ በወጉ ተሰድሮ የተገኘው ልቦለድ ብቻ ነበርና ልቦለድ አስነበቡት። ከአምስቱ አራቱ የእሷ ነበር። ጋኔኖቹን አድራሻ ስለሌላቸው ተዋቸው። ለቀስተኞቹን ግን ተማራቸው።

ቤዛዊት ይህን የሰማችው እንደ ማንኛውም ሰው በወሬ ነው። ከሰማች በኋላ ሦስት ዓመት ዝም አለች። መጻፍ አቁሜያለሁ፣ ምን አገባኝ አለች። ያነበበው ነው የሚጠየቀው አለች። እንዲህ እያለች ደህና ትተኛ ነበር፤ አይዋሽም። ሮቤል መዶሻውን ለጎረቤት አስረክቦ በሁለት ሰዎች መሀል እያነከሰ ሲሄድ፣ እሷ ንፍሮ እያላመጠች ሲያልፍባት ነው እንቅልፍ ያጣችው።

በማግስቱ በጠዋት የሮቤል ሚስት ቤት ሄደች። ፌቨን በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች፤ ግቢም ሂጂም አላለቻትም። የባሏ እግር በየሁለት ቀኑ ካልታጠበ እንደሚመግል፣ ማጠቡን ከእሷ በቀር ማንም እንደማይችልበት፣ ባለፈው ዓመት ከማቆያው ሁለት ሽማግሌዎች በሳጥን እንደወጡ ነገረቻት። ዘጠና ቀን አይዘልቅም አለች፤ ይህን ስትል ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

"ሰባት ሆናችሁ ቆማችሁ አንድ ሰው አስበላችሁ" አለቻት። "ከእንግዲህ የዚህን ሰፈር ለቅሶ አልረግጥም። የማንንም። እኔም ስሞት እንዳትመጡ።"

በሩን ዘጋችው። ቤዛዊት በዚያው እግሯ ወደ ቅድመ ምዘና ቢሮ ሄደች።

ቢሮው ንጹሕ ነው። የሚጮኽ የለም፣ የሚገፋ የለም፤ ቁጥር ይሰጣል፣ ወንበሩ ይመቻል፣ ግድግዳው ላይ "ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን" ተብሏል። ባል የተወሰደባቸው፣ እህት የተወሰደችባቸው ሰዎች ተራቸውን እየጠበቁ ቡና ከማሽን ይቀዳሉ። አንዱ ሰውዬ ለጎኑ ሰው ሦስተኛ ዘመዱ እንደሆነ፣ አሠራሩን አሁን ለምዶት ፎርሙን ሳያነብ እንደሚሞላ ያስረዳል። ቤዛዊት ይህን ስትሰማ ፎርሟን ጨምድዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የተቀበላት መርማሪ ናኦል ይባላል፤ ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። ስሟን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ። እናቱ የእሷን መጽሐፍ እያነበበች እንዳሳደገችው፣ እሱም ከአልጋ ልብስ ሥር በስልክ መብራት ሲያነብ ስንት ጊዜ እንደተገረፈ ነገራት። ከመሳቢያው ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ አንድ አሮጌ መጽሐፍ አውጥቶ ብትፈርምለት ለመናት። እስክሪብቶውን አልተቀበለችውም።

ያላትን ሁሉ ነገረችው። ዘዴ ነበር አለችው። ገዳይ መደበቂያ ቦታ ቸግሯት ያገኘችው ቀዳዳ እንጂ በሕይወቷ አንድም ነፍሰ ገዳይ አይታ እንደማታውቅ፣ ለቅሶ ቀድሞ የሚሄድ ሰው ደግ ሰው እንደሆነ ሕፃን እንኳ እንደሚያውቅ፣ አንባቢን ያታለለችውም በዚሁ እንደሆነ ነገረችው። ናኦል አንድም ቃል ሳያጎድል ጻፈ። መልሶም አነበበላት።

"ልጄ፣ ውሸት ነው" አለችው በመጨረሻ። "ሰማንያ አራቱም ውሸት ነው። እናትህ እንኳ ይህን ታውቅ ነበር።"

"እኔም አውቃለሁ፣ እትዬ። ግን ይዩልኝ። እርስዎ ዛሬ አንድ ገጽ ተኩል ቃል ሰጡ። በሌላ በኩል ሰማንያ አራት መጽሐፍ አለ። ሁሉንም የሰጡት እርስዎ ነዎት። ሚዛኑ የትኛዋን ቤዛዊት ይመን?"

የሮቤልን መዝገብ አሳያት። ገመድ፣ ካስማ፣ መዶሻ ይዞ መጣ ይላል። ቆመው ያሉትን ሰዎች አስፈራራ ይላል፤ ማስፈራሪያው "እግዜር ይይላችሁ" ነው። ሶልያና በልብ ድካም መሞቷን የጻፈ የሐኪም ወረቀት የለም ወይ ብላ ጮኸችበት። አለ አላት። በመጽሐፎቿም ሁልጊዜ መጀመሪያው ላይ እንደዚያ ያለ ወረቀት አለ፤ ሁልጊዜም ሐሰት ሆኖ ይገኛል።

እውነቱን ነው። በሰማንያ አራቱም አለ። ቤዛዊት ይህን ስትሰማ ጠረጴዛውን በጥፊ መታችው፤ ናኦልን ሰደበችው፣ እናቱን ሳይቀር ሰደበችለት፤ እሱ ግን እጁን አጣምሮ እስክትጨርስ ጠበቃት። ሲያያት የተቆጣ አይመስልም፤ ብዙ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰድቦታል። ልትወጣ ስትነሳ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ደራሲ መጽሐፏን የማረም መብት አላት" አለ። "የታረመው የድሮውን ይተካል። ሚዛኑ የታረመውን በየሳምንቱ ሰኞ ያነባል። እኔ ግን ምንም አላልኩም።"

ከዚያን ቀን ጀምራ በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት እየተነሳች እስከ ስምንት ሰዓት ጻፈች። በቀን ሁለት መጽሐፍ። መላውን መጻፍ አያስፈልግም፤ የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች መለወጥ፣ መሀል ላይ ሁለት ሦስት ቦታ ፍንጭ መቀያየር ነው። እጇ ስምንት ዓመት ሥራ ፈትቶ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን ያ የድሮው ፍጥነት ተመለሰ። እውነቱን ለመናገር ደስም አላት። አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ስታገኘው "ይህን እኔ ነኝ የጻፍኩት?" ትላለች፤ አንዳንዱን ስታነበው በአፍረት ላብ ያጠምቃታል።

ግን ገዳዩ ማን ይሁን? መጀመሪያ የመጣው ካልሆነ ሌላ ሰው መሆን አለበት። ይህን ለመወሰን አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም፤ ንዴቷ ወሰነላት። ያልመጣው ነው! ጎረቤቱ ሲጮኽ እየሰማ መስኮቱን የዘጋው፣ ደረጃ ሥር ቆሞ ጫማውን የሚያስረው፣ ያልተደወለ ስልክ የሚያነሳው። ይድረሳቸው አለች። ይቅመሱት አለች። ራሷም ግድግዳ ተደግፋ እንደነበር አልረሳችም፤ ለእኔም ይድረሰኝ አለች።

በየመጽሐፉ ለቅሶው ላይ ያልተገኘ ሰው ፈልጋ ታገኛለች። አለ፤ ሁልጊዜም ነበር። ታሪኩ እውነት እንዲመስል በአንድ መስመር ጠቅሳ ያለፈቻቸው ሰዎች ናቸው። አራስ አለች፤ ፈረቃ ላይ ያለ ዘበኛ አለ፤ ከአልጋ የማይነሳ ሽማግሌ አለ፤ ባዶ እጁን መሄድ አፍሮ የቀረ ደሃ አለ። አርባ ዓመት ሙሉ ስም እንኳ አልሰጠቻቸውም ነበር። አሁን ስም ሰጥታ ገዳይ አደረገቻቸው።

ሠላሳ ሰባተኛው መጽሐፍ ላይ ስትደርስ፣ ጎረቤቶቿ በደል አድርሰውባት ተቀይማ ለቅሶ የቀረች አንዲት ሴት አገኘች። ፌቨን በሐሳቧ መጣችባት። በሩን ገርበብ አድርጋ የቆመችው፣ ድምፅዋን ሳታነሳ የተናገረችው ትዝ አላት። እጇ ቆመ። ተነስታ ውሃ ጠጣች፣ በመስኮት አየች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። ሮቤል ይውጣ እንጂ የሌላው ይደርሳል ብላ ያቺን ሴትዮ ገዳይ አደረገቻት። በዚያን ቀን ሠላሳ ስምንተኛውንም ጨረሰች።

በአርባ ሦስተኛው ቀን ሮቤል ወጣ። ሁለት የእግር ጣቶቹን ቆርጠውበታል፤ ፊቱ ከስቶ የሌላ ሰው መስሏል፤ ቢሆንም በእግሩ ነው የመጣው። አንድም ማብራሪያ አልሰጡትም፤ ጉዳይዎ ሚዛን አላነሳም ብለው ቀበቶውን መለሱለት። ሰፈሩ የቤዛዊትን ሥራ ሰምቶ ነበርና በየደረጃው እየጠበቀ ግንባሯን ሳማት። ያ ጫማ የሚያስረው ሰውዬ አልቅሶ እጇን ሊስም ጎንበስ አለ። ሮቤልም ራሱ እጇን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ቆየ። ቤዛዊት በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ኮርታ አታውቅም፤ መቶ አሥራ ሁለት መጽሐፍ ጽፋ ያላገኘችውን በእርማት እንዳገኘችው አሰበች።

ከዚያ በኋላ በመጣው ረቡዕ ብሎክ አሥራ ሰባት ላይ አንድ ሽማግሌ ሞተ። ጠዋት ነው። የዕድሩ መልእክት ከመድረሱ በፊት ሰዉ ሮጠ። ደረጃው ጠበበ። ሟቹን የሚያውቁ መጡ፣ የማያውቁ መጡ፣ ሥራ ያስፈቀዱ መጡ፣ ጥርሷን ልትነቀል ሐኪም ቤት የነበረች ሴትዮ አፏን በጥጥ ሞልታ መጣች። በር ላይ ሲደርሱ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ ያደርጋሉ፤ ካሜራው በደንብ እንዲያያቸው ነው። ገብተው ነፍስ ይማር ይላሉ፤ እንባ ያላቸው ያፈሳሉ፤ ከሦስት ደቂቃ በኋላ ይወጣሉ፣ ምክንያቱም ብሎክ ሃያ ሁለትም ለቅሶ አለ፣ ማዶም አለ። ሐዘንተኛው ልጅ የሰው ፊት ጠፋበት፤ አንዱን ሳያቅፍ ሌላው ይመጣል። ሮቤል ጋሪውን እየገፋ መጥቶ ድንኳኑን ሲተክል አራት መቶ ሰው አጠገቡ አለፈ፤ ካስማ የያዘለት አልነበረም።

ቤዛዊት ከጎኑ ቆማ ገመዱን ልትይዝለት ሞከረች፤ ጉልበቷ ከዳት። እንዲህ ነው እንዴ ያልኩት አለች በልቧ። ሰዉን አየችው፤ ሁሉም በትክክል ያለቅሳል። ከመሀላቸው ማን ስለ ሟቹ እንደመጣ፣ ማን ስለ ራሱ እንደመጣ መለየት አቃታት። ሰው ስትጠረጥር ነው የኖረችው፤ እንጀራዋ እሱ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን አቃታት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግራጫ ጃኬቶቹ መጡ። ድንኳኑን አልፈው ወደየቤቱ ሄዱ። ከየብሎኩ በድምሩ አሥራ አንድ ሰው ወሰዱ። አንድ የማታ ዘበኛ ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ወሰዱ። ስምንት ዓመት ከአልጋው ያልተነሳ ሽባ ሰውዬ ከነፍራሹ ወሰዱ። ከብሎክ ሠላሳ ስምንት አራተኛ ፎቅ፣ በሯን ዘግታ የተቀመጠችውን ፌቨንን ወሰዱ።

በማግስቱ ጠዋት ሮቤል የቤዛዊትን በር አንኳኳ። ግባ አለችው፤ ገባ። ተቀመጥ አለችው፤ አልተቀመጠም።

"ስንት ቀን ይፈጅብሻል?" አላት።

ምኑ ብላ ጠየቀችው፤ ምን እንደሆነ ግን አውቃለች።

"የኔን በአርባ ሦስት ቀን አስወጣሽ። የሷን በስንት?"

ቤዛዊት ደሟ ፈላ። ማን ላይ እንደምትቆጣ ስላላወቀች ፊቷ ያገኘችው እሱን ነበር። አርባ ሦስት ቀን ወገቧ እስኪቆረጥ ለማን ብላ እንደጻፈች፣ ፌቨንስ ለአንድ ቀን ነጠላ ደርባ ብትወጣ ምን ነበር፣ ሰዉ ሁሉ ሲሮጥ እሷ ምን ይዟት እንደቀረች ጠየቀችው።

"ንገረኝ እስቲ፣ ጋሽ ሮቤል። መጀመሪያ የመጣውን ገዳይ ባደርግ አንተን ወሰዱ። ያልመጣውን ባደርግ እሷን ወሰዱ። አሁን ደግሞ ማንን ላድርግ? መሀል ላይ የመጣውን? ንፍሮ የቀቀለችውን? ወይስ የሟቹን ልጅ?"

"ማንንም አታድርጊ።"

"የወንጀል ልቦለድ እኮ ነው። ገዳይ ከሌለው መጽሐፍ አይሆንም።"

"ታዲያ አይሁና" አለ ሮቤል።

የሚለው ነገር ምን ማለት እንደሆነ እሱ አያውቅም፤ እሷ ታውቃለች። ሰማንያ አራት መጽሐፍ፣ በእያንዳንዱ አንድ ሰው ታሞ ወይም አርጅቶ ይሞታል፣ ጎረቤት ይመጣል፣ ይቀበራል፣ አለቀ። ፍንጩ ሁሉ ወደ ምንም ይመራል። ሐኪሙ የጻፈው ወረቀት እውነት ሆኖ ይገኛል። ከአሥረኛው ገጽ የሚያልፍ አንባቢ አይኖርም፤ ከዓመት በኋላ ስሟን የሚያስታውስ አይኖርም። ባል አላገባች፣ ልጅ አልወለደች፤ ያላት ይኸው ነው። አርባ ዓመት ሠርቶ ያቆመውን ቤት በገዛ እጅህ አፍርስ የተባለ ሰው እንደሚያደርገው ሮቤልን ከቤቷ ልታስወጣው አፏን ከፈተች።

እግሩን አየችው። ፋሻውን ራሱ ነው የጠቀለለው። አንዱ ጫፍ ተፈቶ መሬት ይጎተታል፤ ተረከዙ ጋ ደምና መግል አርሶታል። ትናንት ፌቨን አልነበረችም።

ቤዛዊት ልትል ያሰበችውን ሳትል ተነስታ ውሃ አሞቀች። እግሩን በሳህን ውስጥ አጠበችለት፤ እንደማትችልበት ያውቃል፣ ቢያመውም እግሩን አልሳበም። አዲስ ፋሻ ጠቀለለችለት። ከዚያ እጇን አድርቃ ጠረጴዛዋ ጋ ሄደች፤ ሮቤል ወንበር ስቦ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ።

የመጀመሪያውን መጽሐፍ ከፈተችው፤ በሃያ ሦስት ዓመቷ የጻፈችውን። ወይዘሮ አስካለች አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲታነቁ ኖረዋል። አንገታቸው ላይ ያለውን የጣት ምልክት ሰረዘች። መስኮቱ ሥር የተገኘውን ቁልፍ ሰረዘች። ባለፈው ወር የጨመረችውን፣ በሩን ዘግቶ የቀረውን ሰውዬ ሰረዘች። እንባዋ መጣ፤ ከንዴት ነው፤ ሳትጠርገው ጻፈች።

"ወይዘሮ አስካለች በሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣ እንደተኙ ሞቱ። ማንም አልገደላቸውም። አንድ ጎረቤታቸው ሰምቶ ወዲያው መጣ። ሌሎቹ ቆይተው መጡ። መምጣት ያልቻሉም ነበሩ።"

አነበበችው። ምንም የለውም፤ ቅንጣት ታህል የሚያጓጓ ነገር የለውም።

"አለቀ?" አላት ሮቤል።

"አንዱ አለቀ" አለችው። "ሰማንያ ሦስት ይቀራል።"